ጋቢ ሥር የታየው ፊት

"ብርቄ፣ ሰይድ ዐረፈ።"

የደወሉልኝ መምሬ ጥበቡ ናቸው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ዘርግቼ ልቆርጥ ስል ነው፤ መቀሱ በእጄ ነው። "ደጀን ላይ፣ ዛሬ ጧት። ዘሃራ ናት የነገረችኝ። ቀብሩም ሳይፈጸም አይቀርም፤ እነሱ አያሳድሩም" አሉኝ። "ውይ!" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። እኔ ቃል አጣሁ ካልኩ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል።

ስልኩን ዘግቼ ዓይኔ ወደ ኮምፔርሳቶው ሄደ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ሱቃችን ድሮ አንዲት ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ መሃሏን በኮምፔርሳቶ ከፍሎ ወዲህ ለእኔ፣ ወዲያ ለጋሽ ሰይድ አከራየን። ወዲህ ልብስ ስፌት፣ ወዲያ ሞባይል ጥገና። እሱ ሲያስነጥስ እኔ "ይማርህ" እላለሁ፤ እኔን መርፌ ሲወጋኝ እሱ ከወዲያ "አይዞሽ" ይላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ ከዚያ ኮምፔርሳቶ ጀርባ ያገኘሁትን ያህል ደግ ነገር ከሥጋ ዘመዴ አላገኘሁም። አሁን እዚያ ማዶ ጫማ ይሸጥበታል። ሻጩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አያስነጥስም።

ጋሽ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ሰው ነበረ። ማጉያ መነጽሩ ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ ነው፤ ጋቢው ደግሞ ጉልበቱ ላይ። ክረምት ከበጋ ያችን ጋቢ አይለይም፤ "የማርቆስ ብርድ በእግር ነው የሚገባ" ይላል። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱና ሚስቱ ዘሃራ ሁለት ሆነው ነው የኖሩት። የከተማውን ስማርት ስልክ ሁሉ ሲከፍትና ሲዘጋ እየዋለ የራሱ ስልክ ያቺ ባለ ቁልፏ፣ ፎቶ የማታነሳዋ ነበረች። የዘሃራም እንደዚያው። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት አንተ ነህ" ስለው፣ "ቀኑን ሙሉ የታመመ እያየሁ ውዬ ደግሞ ማታ ሌላ ሕመምተኛ ይዤ ልግባ?" ብሎ ይስቃል።

የተዋወቅነው በእኔ ስልክ ነው። ልብስ ስተኩስ ውሃ የምረጭበት ባልዲ ውስጥ ጥልቅ አለብኝ። የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ ቅበሩት ሲባል ሰምቻለሁ። ሩዝ ከየት ላምጣ? እኔ ቤት ያለው ጤፍ ነው። ያም እህል፣ ይሄም እህል ብዬ ጆንያው ውስጥ ቀብሬው አደርኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! በማግስቱ ሳወጣው ስክሪኑ ውስጥ ጉም ገብቷል፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ፣ የድምፁ ቀዳዳ፣ ሁሉም በጤፍ ጢም ብሏል። ወስጄ ሰጠሁት። ጋሽ ሰይድ ስልኩን ነጭ ጨርቁ ላይ ገልብጦ በጣቱ ቀስ አድርጎ ቢመታው ጤፉ እንደ ወንፊት ዱቄት ተንጠባጠበ። ጎንበስ ብሎ አየና በጣም ቁም ነገር በሆነ ፊት፣

"ማኛ ነው ሰርገኛ?" አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን እየሳቀ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ለቀማት። "ሩዝም ይሁን ጤፍ ውሃውን አይጠጣልሽም" አለኝ። "የረጠበ ስልክ መጀመሪያ ይጠፋል። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል። ቻርጀር ደርሶም አይነካው። ከዚያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሌላው ሁሉ ወጥ መሥራት ነው።"

ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ አድርቆ ሲጨርስ አንድ ነገር አደረገ። ማብሪያውን ተጫነና ስክሪኑ ገና ብልጭ ሳይል ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። "ምነው?" አልኩት። "የመጀመሪያው ብርሃን የባለቤቱ ነው" አለኝ። "የሰው ስልክ የሰው ጓዳ ነው። ጣራ ልትጠግን ገብተሽ ሌማት አትከፍቺም።" ከዚያም በኋላ ለማንም እንዲሁ ሲያደርግ አይቻለሁ። አንድም ቀን ሲረሳ አላየሁም።

ቀጥሎ ደግሞ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር አለች። "በይ አሁን አንሺኝ" አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን አግጥጦ። "ጣትሽም፣ ስክሪኑም፣ ቀለሙም ባንዴ ይፈተናል። ይሄን መልክ አይቶ ካልተሰነጠቀ ድኗል ማለት ነው።" አነሳሁት። እንዲህ ነው፤ እሱ ዘንድ የገባ ስልክ ሁሉ ሲወጣ የጋሽ ሰይድን የሳቀ ፊት ይዞ ነው የሚወጣው። ሰዉ ደግሞ ቤቱ ሲገባ ያጠፋዋል፤ ምን ያደርግለታል?

ሌላው ጠጋኝ ስልክ ሲሰጡት ካቻቢቴ ያነሳል። ጋሽ ሰይድ ጥያቄ ያነሳ ነበር። "መጀመሪያ ጠይቀው፣ ኋላ ክፈተው" ይላል። ወድቆ ነው? ረጥቦ ነው? ቻርጀሩ የማን ነው? ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ በዚያች በባለ ቁልፍ ስልኩ ይደውልበታል። "ጠራ? እንግዲያው ነፍሱ አለች፤ የጠፋው ፊቱ ብቻ ነው። ጥቁር ሁሉ ሞት አይደለም።" ከዚያ ማብሪያውን ተጭኖ ይዞ ይቆያል፣ ይቆያል፣ እስኪሰለቸን ይቆያል፤ ስንቱ ስልክ በዚያው ብቻ ተነሳ! እንዲያውም ሰዉ ይከፋዋል። "ሳትከፍተው?" ይሉታል። "ሐኪም ሆድህን ካልቀደደ አላከመኝም ትላለህ?" ይላቸዋል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኬ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይደውላል፣ ሰይጣን ገብቶበታል ብላ እያለቀሰች መጣች። ቻርጀሯን ተቀብሎ አገላብጦ አየና የራሱን ሰክቶ ሰጣት። ስልኩ ጭጭ አለ። "ጋኔኑ ቻርጀሩ ውስጥ ነበር የኔ ልጅ፤ ርካሽ ቤት ነው የሚያድረው" አላት።

ከሁሉ ከሁሉ የማልረሳው ያንን ገበሬ ነው። ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ቀን ከገበያ መጣና ስልኬ ዓይኑ ጠፋ አለ። ጋሽ ሰይድ ጠየቀ፣ ደወለ፤ ስልኩ ጠራ። ትንሽ አሰበና ምንም ሳይል ጋቢውን አንስቶ በራሱና በገበሬው ራስ ላይ ጣለ። ደጃፉ ላይ፣ በቀትር፣ ሁለት ሰው ባንድ ጋቢ! አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እኔ ከወዲህ "ኧረ በስመ አብ! ጋሽ ሰይድ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብል ከጋቢው ውስጥ "ስልክ እያከምን ነው!" አለኝ። ለካ ሰውዬው በኪሱ ሲነካካው የስክሪኑን ብርሃን አውርዶ አውርዶ ከመጨረሻው አድርሶታል፤ በፀሐይ ምን ይታየዋል! ጋቢው ውስጥ ጨለማ ሲሆን ታየ፣ ብርሃኑንም መለሱት። ገበሬው ሲወጣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

መምሬ ጥበቡም የመጡት በስልክ ሰበብ ነው። በጉንደ ወይን መንገድ ገባ ብሎ ካለ ገጠር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። "ስደውል ይጨልማል፤ ልዝጋው ብል አይበራልኝ" አሉ። ጋሽ ሰይድ አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ በኮምፔርሳቶው ጠራኝ። ሄጄ ባይ የስልኩ ግንባር ላይ፣ ከጆሮ ማዳመጫዋ ጎን፣ የእመቤታችን ትንሽዬ ሥዕል ተለጥፋለች። ለበረከት ብለው ነው፤ ከንግሥ በዓል የገዟት።

"መምሬ፣" አለ ጋሽ ሰይድ፣ ሥዕሏን ሳይነካ፣ "እዚች ጋ ስልኩ አንዲት ዓይን አለችው። ጆሮዎ ላይ ሲያደርጉት ታያለች፤ ጉንጭዎ እንዳይነካካው ስክሪኑን ታጠፋለች። ሲያነሱት ደግሞ ታበራለች። አሁን ያቺ ዓይን ተሸፍናለች፤ ሁልጊዜ ጆሮዎ ላይ ያለ ይመስላታል።" ይሄን ብሎ አቆመ። ላንሳው አላለም፣ ያንሱት አላለም። እኔን የጠራኝ ክርስቲያን ነሽ፣ አንቺ ንገሪያቸው ማለቱ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት መምሬ ስልኩን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ሳቃቸው ፈነዳ።

"እመቤቴ ዓይን ታበራለች እንጂ መች ትሸፍናለች! የኔ ጥፋት ነው" አሉና ራሳቸው ላጥ አድርገው ስመው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጧት። ጋሽ ሰይድ የቀረውን ሙጫ ጠርጎ ሲሰጣቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ ማርቆስ በመጡ ቁጥር ሳያዩት አይሄዱም ነበር።

እማማ ይታይሽን ወደ እሱ የላኳቸውም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ልናገረው የፈለግሁት ይሄን ነው።

ዓርብ ቀን ነው። ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ ሊሄድ ቆቡን አድርጎ በሩን ሊዘጋ ሲል አንዲት እናት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ሰይድ የሚሉህ አንተ ነህ? መምሬ ጥበቡ ናቸው የላኩኝ። የልጄ ስልክ ነው። ልጄ ሀብታሙ ሞተ አሉኝ፤ ባሕር ሊሻገር ሲል። ሬሳም የለኝ። ለቅሶው እሑድ ነው። ፎቶው ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፎቶውን አውጣልኝና ልጄን አልቅሼ ልረፍ።"

በእኛ አገር ሬሳው ሳይመጣ የቀረ ሰው የሚለቀሰው በፎቶው ነው። ፎቶው አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያለቅሳል፣ ሙሾ ያወጣለታል። ፎቶ ከሌለ ባዶ አልጋ ከበው ምን ይላሉ? ልጁ መታወቂያውንም ልብሱንም ይዞ ነው የሄደው። ስልኩን ግን "መንገድ ላይ ይወስዱብኛል" ብሎ ለእናቱ ትቶላቸው ነበር። ያም ስልክ የጠፋው በመርዶው ለት ነው። ሽማግሌዎቹ በጧት መጥተው መርዶውን ሲነግሯቸው እንደ አገሩ ደንብ ራሳቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ ስልኩ ጉያቸው ውስጥ ነበር። በደረታቸው ወደቁበት። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ጥቁር ነው።

ጋሽ ሰይድ ወደ መስጊዱ በኩል አየ፣ ወደ እሳቸው አየ። "እማማ፣ ሰግጄ ልመለስ። እስከዚያ ብርቄ ዘንድ ይቀመጡ" ብሎ ሄደ። አስቀመጥኳቸው። እህል አልቀምስ አሉ፤ ጾም ነው። ወሬ ልጀምር አስቤ ምን ብዬ ልጀምር? ዚፕ ሰፋሁ።

ድንገት ስልኩ ጮኸ። ጥቁር እንደሆነ፣ እጃቸው ላይ፣ የሙዚቃ ድምፅ አወጣ። እኔ ደንግጬ ዘለልኩ። እሳቸው ግን ምንም አልደነገጡም። "የመድኃኒቴ ሰዓት ነው" አሉኝ። "የደም ግፊት አለብኝ። እረሳለሁ ብሎ እሱ ነው በስልኩ ያደረገልኝ።" የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ክኒኗን አወጡ። "መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብለውኛል መምሬ" አሉና ውሃ ለመኑኝ። ስልኩ እስኪበቃው ጮኸ፤ የሚያስቆሙበት ስለሌላቸው መዳፋቸውን ጣል አደረጉበት። ቀና ስል ጋሽ ሰይድ ከመስጊድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

"ይጠራል፤ እንግዲያው አለ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከፈተው። ጎንበስ ብሎ በወረንጦ እየነካካ ብዙ ቆየ። እማማ ይታይሽ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አልነቀሉም። በመጨረሻ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "እማማ፣ በስክሪን ውስጥ ሥዕሉ ሌላ ነው፣ ከኋላው ሆኖ የሚያበራለት መብራት ደግሞ ሌላ። የዚህ መብራቱ ነው የሞተው። ሙሉው ስክሪን መቀየር አለበት።" ተነስቶ በከተማው ያለ ጠጋኝ ዘንድ ሁሉ ዞረ። ያንን ዓይነት የያዘ የለም። አዲስ አበባ ደወለ፤ አለ፣ ግን ማርቆስ የሚደርሰው ሰኞ ነው።

"ሰኞ?" አሉ እማማ ይታይሽ። "ሰው ተጠርቷል እኮ፤ የሩቅ ዘመድ መንገድ ጀምሯል። ለሰዉ ምን ላሳይ?" አላለቀሱም። ድምፃቸው ብቻ አነሰ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

ጋሽ ሰይድ ጥቁሩን ስልክ ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ "ብርቄ፣ የእጅ ባትሪሽን አምጪ" አለኝ። ጋቢውን አነሳና በራሱና በእሳቸው ላይ ጣለ። "ነይ ግቢ፣ አንቺም" አለኝ። ገባሁ። ሦስት ራስ ባንድ ጋቢ ሆንን። ባትሪውን ከጎን ጋደም አድርጎ ስክሪኑ ላይ እንድይዝለት አሳየኝ። መጀመሪያ የገዛ ጣቶቼን ብቻ አየሁ። ቀጥሎ ግን፣ ኩሬ ሥር እንዳለ ነገር፣ ጥላ መጣ። ሥዕሉ አለ! መብራት የለውም እንጂ አለ።

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረና ፊቱን ወደ ወዲያ መለሰ። እዚያ ጋቢ ውስጥ እንኳ ደንቡን አልረሳም። "ይዩ እማማ፣ ይታይዎታል?"

"ጉም ነው የሚታየኝ። ዓይኔ ደክሟል ልጄ።"

"እማማ፣ ይሄ የልጅዎ ጓዳ ነው። እኔ የሰው ጓዳ አላይም። እርስዎ ከፈቀዱልኝ ግን..."

"እይልኝ እንጂ! ዛሬ ዓይንህ ዓይኔ ነው።"

"እንግዲያው የማየውን ሁሉ እነግርዎታለሁ። የማልነግርዎ ነገር አላይም" አለ። ጣቱ ቀስ እያለ ጥቁሩ ላይ ሄደ። "ላም ናት። ግንባሯ ነጭ ነው።"

"ቦራ ናት!" አሉ።

"የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ሰው ሞልቷል።"

"የጥምቀት ለት ነው።"

"ጫማ ነው። ጫማ ብቻ።"

"የገዛ ለት ነዋ! አንሶላ ላይ አስቀምጦ አነሳው፤ ጉድ ሰው" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። እኔም ስስቅ ብርሃኑ ሸሸ፤ "ባትሪውን" አለኝ ጋሽ ሰይድ፣ አስተካከልኩት።

"አንድ ልጅ በር ላይ ቆሟል። ፎጣ አንገቱ ላይ ነው። ክንዱን መቃኑ ላይ አስደግፏል።"

ግንባራቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አሉ። "የሄደ ለት ነው። የኔው በር ነው" አሉ።

ጋሽ ሰይድ በዚያ ጥላ ውስጥ እየዳበሰ ብሉቱዙን አገኘና ፎቶውን ወደ እኔ ስልክ ላከው። ያኔ ያቺ ጤፍ የበላችው ስልኬ አለች፤ ጢን አለች። ጋቢውን ገለጥነው። የቀን ብርሃን ዓይናችንን ወጋው። ስልኬን ተቀብሎኝ ሳያይ ወደ እማማ ይታይሽ አዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ስልኩን አቅፈው አዩት። ብዙ አዩት።

"እየሳቀ ነው እንዴ?" አሉ። ጋቢው ውስጥ ሳቁ አልታየም ነበር። "ለለቅሶ የሚስቅ ፎቶ ይሆናል? ሰው ምን ይለኛል?"

እኔ ፎቶ ቤቱ ምናልባት ሌላ ፊት ያደርግለት ይሆናል ልል አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሰይድ ቀደመኝ፤ ፊቱ እንደዞረ ነው። "እማማ፣ ልጅዎ እንዲህ ነበረ?"

"እንዲህ ነበረ። ጥርሱ ከቃሉ ይቀድማል።"

"እንግዲያው ይሁን። የሚለቀሰው እሱ አይደል?"

ያኔ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ? ጋሽ ሰይድ ጋቢውን አጣጥፎ እስኪበቃን ጠበቀ፣ ከዚያ ራሱ ይዟቸው ፎቶ ቤት ሄዶ ፎቶውን በትልቁ አሳተመላቸው። እሑድ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ደረሰ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ሀብታሙ አልጋው ላይ በትልቅ ፍሬም ሆኖ ለአገሩ ሁሉ ይስቃል። አልቃሾቹ ሳቁን እያነሱ አለቀሱት። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም። ጋሽ ሰይድ ከመምሬ ጥበቡ ጎን አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

ከአርባው በኋላ እማማ ይታይሽ ተመለሱ፤ አዲሱ ስክሪን ገብቶለታል። እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን ብርሃን ለእሳቸው ሰጠ። ልጃቸውን ሲያዩ ሲያዩ ስክሪኑ በራሱ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ። "ሞተብኝ!" ብለው ጮኹ።

"አልሞተም፤ ዝም ስላሉት ነው። ሲጨልም ይንኩት፣ ይበራል" አላቸው። ነኩት፣ በራ። ደግሞ ጠበቁት፣ ጨለመ፣ ነኩት። እንደ ልጅ ደስ አላቸው። "ይበሉ አሁን ያንሱኝ" አላቸው ጋሽ ሰይድ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ። በዕድሜያቸው ሙሉ ፎቶ አንስተው አያውቁም። እኔ ስልኩን ከሥር ደገፍኩላቸው። ቀጭ አለ።

ዓመታት ሄዱ። የጋሽ ሰይድ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ተወና ዘሃራን ይዞ ደጀን፣ እኅቷ ዘንድ ገባ። ሲሄድ ጋቢውን ደርቦ በኮምፔርሳቶው ላይ በጣቱ ኳ ኳ አደረገና "ብርቄ፣ ጤፉን አደራ" አለኝ። ሳቅሁ። የመጨረሻችን ነበረ።

እንግዲህ መርዶው እንደደረሰን መምሬ ጥበቡ፣ እማማ ይታይሽና እኔ በሚኒባስ ደጀን ወረድን። ደርሰን "አላህ ያጥናሽ" ብለን ተቀመጥን። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ዘሃራ መክሳቷ! እጄን ይዛ፣

"ብርቄ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "መታወቂያው ላይ ያለው የወጣትነቱ ነው፣ ሌላ ሰው ነው። የሰውን ሁሉ ፊት ሲመልስ ኖሮ የሱ ፊት እቤቴ የለም። አንቺ ዘንድ የለም?"

ምን ልበላት? ፎቶው የነበረባት ስልኬ ባጃጅ ላይ ቀርታለች። ራሴን ነቀነቅሁ። የማርቆስ ሰው ሁሉ አንስቶት ነበር፤ ማንም አላስቀመጠውም።

እማማ ይታይሽ እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ። በእኛ ልማድ ፎቶ አውጥተው ለቅሶ ሊያነሱ ነው ብዬ "እማማ፣ እዚህ ቤት በፎቶ አይለቀስም" አልኳቸው በጆሯቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

በጨርቅ የተጠቀለለውን ፈቱ። ያው ስልክ ነው፤ ልጃቸው ያለበትን ስልክ እንዴት ይቀይሩታል? ተነስተው ከዘሃራ ጎን ተቀመጡ። ፀሐዩ በሸራው ቀዳዳ ስለሚገባ ስክሪኑ አይታይም፤ ነጠላቸውን ዘርግተው በራሳቸውና በዘሃራ ራስ ላይ ጣሉ። ሰው ዞሮ አየ፣ ግን ማንም ምንም አላለ። እኔ ከጎን ሆኜ በነጠላው ሥር ብርሃኑ ብቻ ይታየኛል።

የዘሃራ ድምፅ መጣ፤ ለቅሶና ሳቅ ተቀላቅሎበት።

"ወይኔ ሰይድ! ይሄው ግንባሩ ላይ ነው መነጽሩ! ስንቴ እቤት ሙሉ አስፈልጎኛል!"

ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። ዘሃራ "ጠፋ!" ስትል ሰማኋት።

"አልጠፋም እኅቴ" አሉ እማማ ይታይሽ። "ሲጨልም ንኪው፤ ይበራል።"